የጣሊያን የቀይ ባሕር የመርከብ ጓድ ምጽዋ ላይ እንዴት አለቀ?

ጁን 10 ቀን 1940 ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ፣ ጣሊያን ምጽዋ ላይ 7 ዴስትሮየሮች (ፈጣን የጦር መርከቦች)፣ 8 ሰርጓጅ መርከቦች፣ ሁለት አሮጌ የቶርፔዶ መርከቦች፣ 5 ፈጣን የቶርፔዶ ጀልባዎችና «ኤርትራ» የምትባል የቅኝ ግዛት የጦር መርከብ ነበሯት። ኤፕሪል 8 ቀን 1941 ምጽዋ ስትያዝ ከእነዚህ ውስጥ ወደቡ ላይ ለውጊያ የቀረ መርከብ አልነበረም። አሥር ወር እንኳ አልሞላም። (ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው «እንግሊዝ አሸነፈች» ተብሎ በአንድ መስመር ነው። ነገሩን ቀን በቀን ተከታትሎ ላየው ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ከ8ቱ ሰርጓጆች አራቱ የጠፉት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ከ7ቱ ዴስትሮየሮች ስድስቱ የጠፉት ደግሞ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት። መሀል ላይ ያሉት ስምንትና ዘጠኝ ወራት በአብዛኛው ወደብ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነበሩ። እኔ የምለው፣ ይህን ጓድ ከጠላት መድፍ በፊት የገደለው ያ መጠበቅ ነው። ወደ መጠበቅ የገፋው ደግሞ ጦርነቱ ሳይጀመር የተሠራ ስህተት ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እንየው። ቀይ ባሕር ሁለት በር ብቻ ነው ያለው። በሰሜን ስዊዝ፣ በደቡብ ባብ ኤል መንደብ። ሁለቱም በእንግሊዝ እጅ ነበሩ፤ ስዊዝ ላይ ግብፅ ውስጥ ባለው ጦሯ፣ በደቡብ ደግሞ በኤደንና በፔሪም ደሴት። ጣሊያን ምጽዋን የያዘችው በ1885 ነው። ኢትዮጵያን በ1935 ስትወር ወታደሩም፣ መኪናውም፣ መርዝ ጋዙም በብዛት የገባው በስዊዝ አልፎ በምጽዋ በኩል ነበር። ያን ጊዜ እንግሊዝ ካናሉን አልዘጋችም፤ የጣሊያን መርከቦች የማለፊያቸውን እየከፈሉ እንደ ልባቸው ተመላለሱ። አዲስ አበባ የደረሰው ጦር ስንቁ የተመላለሰው በዚያ ክፍት በር ነው። በ1940 በሩ ሲዘጋ ግን ምጽዋ ያለው ባሕር ኃይል፣ አጠገቡ ካለው የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ጋር ሆኖ፣ ከእናት አገሩ ተቆረጠ። የቀረው ነዳጅ በታንከሮቹ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። የመለዋወጫ ዕቃም እንደዚሁ። ቶርፔዶም እንደዚሁ።

ሮም ይህን አታውቅም ነበር ማለት አይቻልም። ካርታ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ጦርነቱ አጭር ይሆናል፣ ፈረንሳይ እየወደቀች ነው፣ እንግሊዝም ትከተላለች ብለው ነው የገቡበት። አጭር ጦርነት ከሆነ የተቀመጠው ነዳጅ ይበቃል። ካልሆነ ግን በየቀኑ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር ነገር የለም።

በዚያ ላይ የዚህ ጓድ ዋጋ የሚለካው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነበር። ሜዲትራኒያን ለእንግሊዝ አደገኛ ስለሆነ ግብፅ ላለው ጦር የሚሄደው ወታደርና ትጥቅ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሮ፣ በኤደን አልፎ፣ በቀይ ባሕር ወደ ስዊዝ መውጣት ነበረበት። ምጽዋ የተቀመጠችው በትክክል በዚህ መንገድ ጎን ላይ ነው። ስለዚህ ሰርጓጆቹ ወዲያው እንዲወጡ ታዘዙ። ትእዛዙ ትክክል ነበር። መርከቦቹ ግን ለዚያ ባሕር አልተዘጋጁም።

«መቀሌ»ን እንያት። ይቺ ሰርጓጅ ኢትዮጵያ ከተወረረች በኋላ በተሠራ የ17 ሰርጓጆች ተከታታይ ውስጥ አንዷ ናት። አብዛኞቹ ስማቸውን ያገኙት ከእኛው አገር ነው፦ አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ አምባ አላጌ፣ አምባ አራዳም፣ አሸንጌ፣ ነገሌ፣ ደገሃቡር፣ ዋቢ ሸበሌ። (ከ17ቱ ጦርነቱን የተሻገረችው «አላጌ» ብቻ ናት።) «መቀሌ» ጦርነቱ እንደታወጀ ወደ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ ወጣች። ጁን ላይ የቀይ ባሕር ውሃ ራሱ ሞቃት ነው። ቀን ቀን ከእንግሊዝ አውሮፕላን ለመደበቅ ከውሃ በታች መቆየት ግዴታ ነው፤ ተዘግቶ የሚዋል የብረት ቱቦ ውስጥ ሞተር፣ ባትሪና ከአርባ በላይ ሰው አለ። ያለ አየር ማቀዝቀዣ አይቻልም።

ማቀዝቀዣው ይሠራ የነበረው ሜቲል ክሎራይድ በሚባል ጋዝ ነው። ጋዙ መርዝ ነው። ችግሩ ደግሞ ሽታው አያስታውቅም፤ የተነፈሰው ሰው ቶሎ አይነቃበትም። ቱቦው ሲያፈስ መርከበኞቹ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ተሰማቸው። ሙቀቱ ነው፣ ምግቡ ነው ተባለ። ቀጥሎ አንዳንዶቹ ያለ ምክንያት መሳቅ ጀመሩ፣ አንዳንዶቹ የሌለ ነገር ማየት፣ አንዳንዶቹ ጓደኞቻቸው ላይ መነሳት። አስቡት፣ ከውሃ በታች፣ መውጫ በሌለበት፣ መሪውን የሚይዘውና ካርታውን የሚያነበው ሰው ሳይቀር አእምሮው እየተነካ ነው። አቅጣጫቸውን ሳቱ። ጁን 15 ከሌሊቱ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ ካለች በር ሙሳ ከቢር ከምትባል ደረቅ ደሴት ኮራል ላይ ወጡ። መርከቧ ትንሽ ቆይታ ተንሸራታ ሰመጠች። መርከበኞቹ ጥላም ውሃም በሌለበት ደሴት ላይ ቀሩ። ጥቂት ሰዎች በትንሽ ጀልባ ወደ ኤርትራ ጠረፍ ሄደው እርዳታ ጠሩና፣ ከሳምንት በኋላ «ጉልየልሞቲ» የምትባለው ሰርጓጅ መጥታ የተረፉትን ወሰደች። ጣሊያን በዚያ ጦርነት መጀመሪያ ያጣቻት ሰርጓጅ ይቺ ናት። አንድም የጠላት ጥይት አልነካትም።

ይህ የአንድ መርከብ አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አልቆይም ነበር። ግን «ፔርላ» የምትባለውም በዚያው ወር በዚያው ጋዝ ተመርዛ ኮራል ላይ ወጣች፤ እሷን በኋላ ነቅለው አወጧት። ቀጥላ የምናያት «ጋሊሌይ»ም ሠራተኞቿ ተመርዘው ነበር። ሞቃት ባሕር ላይ መርከብ የሚያሰማራ ባሕር ኃይል ማቀዝቀዣውን በሰላም ጊዜ፣ በዚያው ባሕር ላይ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ለቀናት ከውሃ በታች ቆይቶ መሞከር ነበረበት። ምጽዋ በእጃቸው ከሆነች 55 ዓመት ሆኗታል። የቀይ ባሕር ሙቀት ለማንም ዱብ ዕዳ አልነበረም። እነዚያን ልጆች ሳይፈተን በቀረ ማሽን ውስጥ ዘግቶ መላክ በደል ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

«ጋሊሌይ» በኤደን አካባቢ ጁን 16 ላይ «ጄምስ ስቶቭ» የሚባል የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ አሰመጠች። ይህ የጓዱ እውነተኛ ድል ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ የዩጎዝላቪያ መርከብ በመድፍ ተኩስ ልታስቆም ስትሞክር ቦታዋን አሳወቀች። እንግሊዞች ፍለጋ ወጡ። ጁን 19 ያገኘቻት «ሙንስቶን» ናት። ሙንስቶን የጦር መርከብ ሆና የተሠራች አይደለችም፤ ዓሣ ማጥመጃ መርከብ ነበረች፣ አንድ መድፍና ጥቂት መትረየስ የተገጠመላት። ከውሃ በታች በሚፈነዳ ቦምብ ስታስጨንቃት «ጋሊሌይ» ወደ ላይ ወጥታ በመድፍ ልትጨርሳት ወሰነች። በወረቀት ላይ ውሳኔው ያስኬዳል፤ «ጋሊሌይ» ሁለት መድፍ አላት፣ ከሙንስቶንም ትበልጣለች። ነገር ግን በመርዝ የደከሙ ተኳሾች መምታት አቃታቸው። የሙንስቶን ሰዎች ቀርበው የሰርጓጇን የላይ ወለል በመትረየስ ጠረጉት፣ የማዘዣ ማማዋን በመድፍ መቱት። አዛዡ ኮራዶ ናርዲና አብዛኞቹ መኮንኖች ተገደሉ። የቀሩት እጅ ሰጡ። ሰርጓጇ ወደ ኤደን ተጎተተች።

እዚህ ላይ የደረሰው ጉዳት ከአንዲት መርከብ በላይ ነው። ማን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቁት መኮንኖች ስለሞቱ የምስጢር ሰነዱን የሚያጠፋ ሰው በጊዜው አልነበረም፤ እንግሊዞች የሌሎቹን ሰርጓጆች የዘመቻ ትእዛዞች ከነማድፈጫ ቦታቸው አገኙ። «ጋልቫኒ» የህንድ ባሕር ኃይልን «ፓታን» የተባለች መርከብ ካሰመጠች በኋላ ጁን 24 በኦማን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ተጠብቃ ተመታች። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ «ቶሪቼሊ» በፔሪም አጠገብ ተከብባ ነበር። ተጎድታ ከውሃ በታች መጥለቅ ስላልቻለች አዛዧ ሳልቫቶሬ ፔሎሲ ከውሃ በላይ ሆኖ ከሦስት ዴስትሮየሮችና ከአንዲት ስሉፕ (ትንሽ አጃቢ የጦር መርከብ) ጋር ተታኮሰ። ሰርጓጅ ከዴስትሮየር ጋር ፊት ለፊት በመድፍ መግጠም ማለት ሞት ነው፤ ሰውየው ግን ቶርፔዶውንም ጥይቱንም ተኩሶ ሲጨርስ ነው መርከቧን ያሰመጣት። ከእንግሊዞቹ ዴስትሮየሮች አንዷ «ካርቱም» ከውጊያው በኋላ በውስጧ ፍንዳታ ደርሶባት ጠፋች። ጣሊያኖች በእኛ ጥይት ነው ይላሉ፤ እንግሊዞች የራሷ ቶርፔዶ የአየር ጋን ፈንድቶ ነው ይላሉ።

በእነዚህ ቀናት ውስጥ አራት ሰርጓጆች ሄዱ። የቀሩት አራት ናቸው። ከዚህ በኋላ ምጽዋ ያለው ዕዝ ልቡ ተሰበረ ማለት ይቻላል። ሰርጓጆቹ አልፎ አልፎ ይወጣሉ፣ «ጉልየልሞቲ» ሴፕቴምበር ላይ «አትላስ» የተባለች የግሪክ ነዳጅ ጫኝ መታች፣ ሌላው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በኦገስት ጣሊያን የእንግሊዝ ሶማሊላንድን ስትይዝ እንኳ ጓዱ መንገዱን አልዘጋም። በእንግሊዝ የጦር መርከብ የታጀቡት ኮንቮዮች (በኅብረት የሚጓዙ የጭነት መርከቦች) ግን በምጽዋ አጠገብ ሳያቋርጡ አለፉ። ግብፅ ውስጥ ጣሊያንን ራሷን በዚያው ዓመት መጨረሻ የሚመታው ታንክና መድፍ በዚህ መንገድ ነው የገባው።

ዴስትሮየሮቹስ? እነሱ ነዳጅ ይጠጣሉ። በሌሊት ወጥተው፣ ኮንቮይ ፈልገው፣ ሳያገኙ ይመለሳሉ፤ እያንዳንዱ ባዶ ጉዞ ከማይተካው ነዳጅ ላይ ይቀንሳል። ቅኝት የሚያደርግላቸው በቂ አውሮፕላን የለም። ስለዚህ ቁጠባው ልክ ይመስላል። ግን ነዳጅ ተቆጥቦ ለመቼ? ወደፊት ታንከር አይመጣም። ሞተሩ በሙቀትና በጨው ያረጃል፣ መለዋወጫ የለም፣ የእንግሊዝ ኃይል ደግሞ በየወሩ ይጨምራል። ጁን ላይ ሰባቱንም ዴስትሮየሮች በአንድ ላይ ማውጣት አደጋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ያ አደጋ በየወሩ ከፋ እንጂ አልቀለለም።

አንዴ በእርግጥ ተገናኙ። ኦክቶበር 21 ሌሊት አራት ዴስትሮየሮች ቢ.ኤን. 7 በተባለው ኮንቮይ ላይ ጥቃት ሞከሩ። «ሊያንደር» የተባለችው ክሩዘር (ከዴስትሮየር የምትበልጥ የጦር መርከብ) እና «ኪምበርሊ» የተባለችው ዴስትሮየር መልስ ሰጡ። «ኑሎ» ከጓደኞቿ ተነጥላ ወደ ምጽዋ ስትሸሽ በዳህላክ ደሴቶች ጫፍ፣ ሐርሚል አጠገብ ኪምበርሊ ደረሰችባት። ሐርሚል ላይ የጣሊያን የባሕር ዳር መድፍ ስለነበረ ኪምበርሊም ተመትታ ቆመች፤ ሊያንደር ናት ጎትታ ያወጣቻት። «ኑሎ» ግን ጠፋች። አዛዧ ኮስታንቲኖ ቦርሲኒ መርከቡን አልለቅም አለ። ረዳቱ የነበረው መርከበኛ ቪንቼንዞ ቻራቮሎም እሱን ትቼ አልሄድም ብሎ አብሮት ሞተ። ከኮንቮዩ ውስጥ ግን አንድም መርከብ አልሰመጠም።

1941 ሲገባ የየብስ ጦርነቱ ሁሉን ነገር ቀየረ። እንግሊዝ ከሱዳን ተነስታ ኤርትራ ገባች፣ ከረን ላይ ከባዱ ውጊያ ተጀመረ። አሁን ጥያቄው ኮንቮይ መምታት አይደለም፤ ማንን ማትረፍ ይቻላል ነው። በዚህ ሰዓት የተሠራው ሥራ በእኔ እይታ በአሥሩ ወር ውስጥ ምርጡ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ «ኤርትራ»፣ «ራምብ 1» እና «ራምብ 2» በባብ ኤል መንደብ ሾልከው ወጡ። ራምቦቹ ሙዝ ሊጭኑ የተሠሩ፣ በኋላ መድፍ የተገጠመላቸው መርከቦች ናቸው። «ራምብ 1»ን ፌብሩዋሪ 27 ያቺው ሊያንደር ማልዲቭስ አጠገብ አሰመጠቻት። «ኤርትራ» እና «ራምብ 2» ግን ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጠው ጃፓን ኮቤ ደረሱ።

አራቱ ሰርጓጆችም ማርች መጀመሪያ ላይ ወጡ። መድረሻቸው በጀርመን እጅ ያለችው የፈረንሳይ ወደብ ቦርዶ ናት። መንገዱ አፍሪካን በሙሉ መዞር ነው። ነዳጃቸው አይበቃም፤ ውቅያኖስ መሀል ላይ ከጀርመን መርከቦች ተቀበሉ። «ፔርላ» የምትገርመኝ እሷ ናት። ትንሽ የጠረፍ ሰርጓጅ ናት፣ ከዘጠኝ ወር በፊት በጋዝ ተመርዛ ኮራል ላይ የወጣችው ራሷ፣ ለዚህ ዓይነት ጉዞ ጭራሽ አልተሠራችም። ሜይ ላይ አራቱም፣ አንድም ሳይጎድል፣ ቦርዶ ገቡ።

ዴስትሮየሮቹ ግን ያን ያህል ርቀት የሚሄድ ነዳጅ መያዝ አይችሉም። ወይ ምጽዋ ላይ ይያዛሉ፣ ወይ የመጨረሻ ጥቃት ያደርጋሉ። ማርች 27 ከረን ወደቀች። ማርች 31 ትልልቆቹ ሦስቱ፣ «ሌዮኔ»፣ «ፓንቴራ» እና «ቲግሬ»፣ ስዊዝን ሊመቱ ወጡ። «ሌዮኔ» ገና ከምጽዋ ብዙም ሳትርቅ ካርታ ላይ ከሌለ ዓለት ጋር ተጋጭታ ተቃጠለች፤ ሁለቱ ተመለሱ። ኤፕሪል 1 አስመራ ተያዘች። ኤፕሪል 2 የቀሩት አምስቱ ፖርት ሱዳንን ሊመቱ ወጡ። ሁሉም እንደማይመለሱ ያውቁ ነበር።

ፖርት ሱዳን ላይ የሚጠብቃቸው ነገር ነበር። «ኢግል» የተባለችው የእንግሊዝ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ጀርመኖች ስዊዝ ካናል ውስጥ ፈንጂ ስለጣሉ ማለፍ አቅቷት ቆማ ነበር፤ አውሮፕላኖቿ ግን መርከባቸውን ትተው በአየር ወደ ፖርት ሱዳን መጡ። «ሶርድፊሽ» ይባላሉ፦ ድርብ ክንፍ፣ በጨርቅ የተሸፈኑ፣ ለዘመኑም ቀርፋፋ። የጣሊያን መርከቦች ከአየር የሚከላከላቸው አልነበረም። «ባቲስቲ» ሞተሯ ስለተበላሸ ሠራተኞቿ በዓረብ ጠረፍ አስመጧት። ኤፕሪል 3 ጠዋት «ሳውሮ» በቦምብ ተመትታ በቅጽበት ወደ ታች ወረደች፤ «ማኒን» ተከተለች። «ፓንቴራ» እና «ቲግሬ» ወደ ጅዳ አቅጣጫ ሮጠው ሠራተኞቻቸውን አራግፈው ተተዉ። ፖርት ሱዳን ላይ አንድም ጥይት አልደረሰም።

ምጽዋ ውስጥ የቀረው አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ ነው። የእንግሊዙ ጀኔራል ፕላት መርከቦቹን አስምጠህ ወደቡን ከዘጋህ ኤርትራ ውስጥ ያለውን የጣሊያን ሕዝብ የመመገብ ኃላፊነት አልወስድም ብሎ አስጠነቀቀው። ቦኔቲ ሮምን ጠየቀ፤ እንቢ በል ተባለ። ማስመጡ ቀጠለ። የጣሊያንም የጀርመንም የንግድ መርከቦች፣ ክሬኖች፣ ተንሳፋፊ ዶኮች (መርከብ ከውሃ አንስቶ የሚጠገንባቸው)፣ ሁሉም በወደቦቹ መግቢያ ላይ በተርታ እንዲሰምጡ ተደረገ። በመጨረሻዋ ሌሊት «ማስ 213» የምትባል አሮጌ የቶርፔዶ ጀልባ ወጥታ «ኬፕታውን» የተባለችውን የእንግሊዝ ክሩዘር በቶርፔዶ መታች። ክሩዘሯ አልሰመጠችም፤ ግን ተጎትታ ነው የሄደችው። አሥር ወር ሙሉ ትልልቆቹ ያላደረጉትን ትንሿ አደረገችው። ኤፕሪል 8 የሕንድ ወታደሮችና ነፃ ፈረንሳዮች ከተማዋን ያዙ።

በዚያው ሳምንት የሆነው ነገር የዚህን ጓድ ትክክለኛ ዋጋ ያሳያል። ኤፕሪል 6 አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ኤፕሪል 11 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር ከእንግዲህ የጦርነት ቀጣና አይደለም ብለው አወጁ። የአሜሪካ ሕግ የአገሪቱ የንግድ መርከቦች ወደ ጦርነት ቀጣና እንዳይገቡ ይከለክል ነበር፤ አሁን ቀጥታ ስዊዝ ድረስ ጭነው መግባት ቻሉ። ማለትም ጓዱ ምንም ሳይተኩስ፣ ምጽዋ ላይ በመኖሩ ብቻ፣ ይህን መንገድ ለአሜሪካ መርከቦች ዘግቶ ኖሯል። ቆሞ ይህን ያህል ከከለከለ፣ ገና በጁን 1940 ተፈትኖና ተዘጋጅቶ ቢወጣ ኖሮ ለእንግሊዝ ምን ያህል ከባድ ይሆን እንደነበር መገመት አያቅትም። ለእኛ ሰው እንኳንም አልሆነ፤ የኢትዮጵያ ነፃ መውጣት በዘገየ ነበር።

ወደቡ ግን እንደተዘጋ ለአንድ ዓመት ያህል ቆየ። በ1942 ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን፣ የሰመጠ መርከብ በማውጣት የታወቀ ሰው፣ ምጽዋ ደረሰ። ትልቁ ተንሳፋፊ ዶክ ወለሉ በቦምብ ተበሳስቶ ስለነበር አይወጣም ተብሎ ተትቷል። ኤልስበርግ የታመቀ አየር ነፍቶበት ውሃውን ከውስጥ አስወጣና አነሳው። በዚያ ሙቀት፣ በጥቂት ጠላቂዎች፣ ካገኘው ሠራተኛ ሁሉ ጋር፣ የጣሊያን እስረኞችም ጭምር። «ዳይዶ» የተባለችው የእንግሊዝ ክሩዘር የኋላ ክፍሏ ተጎድቶ በመጣች ጊዜ ያለው ዶክ አይችላትም ነበር፤ ስለዚህ ኋላዋን ብቻ ዶኩ ላይ አንስቶ፣ ፊቷን ውሃ ላይ እንደተንሳፈፈ ትቶ ጠገናት። ዳይዶ ተጠግና ወደ ሜዲትራኒያን ተመለሰች።